ጤዛ እስኪረግፍ

ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ገና ወንበር ሳይስብ ጉዳዩን ተናገረ። "ጋሽ ታደለ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ዕድሜዎን ሙሉ ከማያምኑ ሰዎች ጋር ነው የሠሩት። ለልጆቹ ስለ ምስክርነት ሥልጠና ይስጡልን" አለኝ። እሺ አልኩት። ከሄደ በኋላ ግን "የማያምኑ" ያላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሳስታውስ ሳቄ መጣ። ከነሱ አንዱ የሳጉሬው ገበሬ ሐጂ ቃሲም ናቸው። የወጣቶች መሪው ፊታቸው እንዲህ ቢል "ከእኔ ቀድሞ ለጸሎት የሚነሣ ክርስቲያን ካለህ አምጣና አሳየኝ" እንደሚሉት አልጠራጠርም።

በማግስቱ በስልኬ ቅጽ ላከልኝ። ርዕስ፣ ዓላማ፣ የሚጠበቅ ውጤት ይላል። ርዕሱን ሞላሁ፣ ዓላማውንም እንደምንም ሞላሁ። ውጤቱ ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንግዲህ ቅጹን ትቼ የሆነውን እንዳለ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ያንብቡትና የሚጠቅማቸውን ይውሰዱ።

እኔ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው፤ ሥራዬን የጀመርኩት ግን በአንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ረዳት ሆኜ ነው። በኋላ ወደ ግል ባለ ማሽኖች ዞርኩ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ በፊሽካ የሚያዝዝ ነበር፤ ሰውም ማሽንም አንድ መስሎት። ሌላው ከመኪናው ወርዶ ማሳ ረግጦ አያውቅም። የመጨረሻዋ ወይዘሮ አስካለ ግን አሰላ ቁጭ ብላ በስልክ የሞተሩን ድምፅ ትሰማና "ታደለ፣ ቀበቶው ላልቷል መሰለኝ" ትለኝ ነበር። ብዙውን ጊዜም ልክ ነበረች። ደመወዙ ቤተሰብ ያኖራል እንጂ አያስመካም፤ የሚሞላውን ወረቀት ብዛት ደግሞ ባላነሣው ይሻላል።

ሥራችን ስንዴው በሚደርስበት መንገድ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ ቆላ ቀመሱ ይደርሳል፣ ከዚያ ኢተያ፣ ከዚያ አሰላን አልፎ ሳጉሬና ከዚያ በላይ ያለው ደጋ። ኮምባይነሩን በአሰላ መሐል ስናሳልፍ ከኋላችን ባጃጁ ይጮኻል፣ ጋሪው ይሰለፋል፣ ባለ ጋሪው ይሳደባል። ከኅዳር እስከ ጥር ቤታችን ማሽኑ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ አንጋፋ ኦፕሬተር ናቸው። አጭር፣ ቀጭን፣ ጾም የማያጓድሉ የኦርቶዶክስ ሰው ነበሩ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጌታን ተቀብዬ እንደ ጋለ ምጣድ የምንጣጣ ወጣት ነበርኩና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸውንም ልመሰክርላቸው ሞክሬአለሁ። አንድ ቀን ስለ መዳን ሩብ ሰዓት ያህል ካወራሁላቸው በኋላ "ጨረስክ?" አሉኝ። አዎ ስላቸው "በል አሁን ያንን የታችኛውን ክዳን ክፈት" አሉኝ።

ይህ የክዳን ነገር የእሳቸው ትልቁ ልማድ ነበር። በእኛ ደጋ የኅዳር ጠዋት ጤዛ ሱሪ ያርሳል። እርጥብ ስንዴ አይወቃም፤ ገለባው ተጠቅልሎ ማሽኑን ያንቃል። ስለዚህ ጤዛው እስኪረግፍ፣ እስከ አራት ሰዓት ገደማ፣ ማንም ኦፕሬተር ማሳ አይገባም። ሌላው በዚያ ሰዓት ሻይ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ስልክ ያወራል። ጋሽ ደምሴ ግን ከማሽኑ ሥር ሸራ ያነጥፋሉ። የታችኞቹን ክዳኖች ሁሉ ከፍተው ማሽኑን ባዶውን ያስነሡና ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። ከዚያ ያጠፉትና በላስቲክ መዶሻ ጎን ጎኑን ይመቱታል፤ "አልቋል" ያልነው ማሽን እንደገና ፍሬ ያወርዳል። ቀጥለው መጥረጊያ ይዘው እህል የሚጠራቀምበት ጋን ውስጥ ገብተው ጥግ ጥጉን ይጠርጋሉ። ሸራው ላይ የወደቀውን ሰብስበው ናፍጣ አርከፍክፈው ያቃጥሉታል። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥር ይህን ያደርጋሉ። ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ሥራ ነው።

"ሲናር ነው የምፈራው" ይሉኝ ነበር። ሲናር ስንዴ መሐል የሚበቅል አረም ነው። ለጋ ሳለ ከስንዴ መለየት ያስቸግራል። የስንዴ ቅጠል ግንዱን በሚያቅፍበት ቦታ ትንንሽ ጆሮ የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ ሲናር የለውም። ይህን ጎንበስ ብሎ ካላዩ እስኪያሸት ድረስ አይታወቅም፤ ባሸተ ጊዜ ደግሞ ፍሬውን ለማራገፍ ከስንዴው ይቀድማል። አንድ ጊዜ ማሳ ከገባ ዓመታት ይቆያል። ዛሬ ሲናር ያለበት ማሳ አጭዶ ነገ ንጹህ ማሳ የሚገባ ኮምባይነር ደግሞ ከማንም የበለጠ ዘሪ ነው።

ሐጂ ቃሲምን የማውቃቸው ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ማሽኑን እኔ ብቻዬን ከያዝኩ በኋላ ነው። ስንዴያቸው ለዘር የሚያዝ ስንዴ ነበር። መርማሪዎች ማሳው ውስጥ ተዘዋውረው አይተው "ለዘር ይሆናል" ካሉ በኋላ ለሌሎች ገበሬዎች የሚከፋፈል ነው። ሐጂ በዚህ የሚኮሩ ሰው ናቸው። የአካባቢው ገበሬ የሚዘራው የእሳቸውን ዘር ነውና፣ የሚኮሩበት ምክንያት ነበራቸው።

ያን ዓመት ከኢተያ ወደ እሳቸው መጣሁ። ኢተያ ያጨድኩት ማሳ በሲናር የተወረረ ነበር፤ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም ማለት አልችልም። ማታ ሳጉሬ ደርሼ አደርኩና ጠዋት ማሽኑን ማሳቸው ዳር አቆምኩ። ሸራውን አወረድኩ። ልጀምር ስል ሐጂ ሻይ በፔርሙዝና ዳቦ ይዘው መጡ።

"አካም ቡልቴ፣ ታደለ? እንዴት አደርክ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐጂ። እርስዎስ?"

ተቀመጥን። ጤዛው ገና ነበር። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ምስክርነት ተምረን፣ እያንዳንዳችን በወሩ ውስጥ ለአንድ ሰው እንድንመሰክርና ሪፖርት እንድናቀርብ ተነግሮን ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው የተላከልኝ መሰለኝ። ገበሬ ናቸውና በጌታ የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ ጀመርኩላቸው። መልካም ዘር ስለ ዘራው ሰው፣ ጠላት መጥቶ እንክርዳድ እንደ ዘራበት ነገርኳቸው። ሐጂ አዳማጭ ናቸው፤ እኔም አዳማጭ ሳገኝ ማቆም አልወድም።

"የተናገረው ሰው እርሻ ያውቃል" አሉ። "ጠላትየው ግን ማሳው ውስጥ እንዴት ሳይታይ ገባ?"

"ሰዎቹ ተኝተው ነበራ!"

ከዚያ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ጸጋ፣ ስለ ዘላለም ሕይወት ቀጠልኩ። ቀና ስል ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ ስንዴው ደርቆ ይንሿሿል። ሸራዬ አንድም ፍሬ ሳይወድቅበት ተዘርግቶ ቀርቷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለነፍስ የሚሆን ሥራ ስሠራ ነበር፣ ጌታ ራሱ ይሸፍንልኛል ብዬ አሰብኩ። ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ ያህል ባዶውን አስነሥቼ ገባሁ። ሪፖርቴንም በወሩ መጨረሻ አቀረብኩ፤ አጨበጨቡልኝ።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ የአጨዳ ቀጠሮ ልይዝ ስሄድ ሐጂ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ና፣ ላሳይህ" ብለው ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ሲናሩ ከስንዴው በላይ ብቅ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። መርማሪዎቹ መጥተው "ለዘር አይሆንም" ብለው ሄደዋል።

ሐጂ ያላዩትን እኔ አየሁ። ሲናሩ የትም አልተበተነም። ማሽኔን ባስገባሁበት ጥግ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከዚያ መጀመሪያ በዞርኩበት የማሳው ዳር ዳር መስመር ይዞ ሄዷል፤ ወደ መሐል እየሳሳ መጥቶ ጠፍቷል። ማሽኑ በሆዱ የያዘውን እንዴት እያራገፈ እንደ ሄደ እዚያ ቁልጭ ብሎ በቅሏል። ይህን የሚያነብ ኦፕሬተር ብቻ ነው።

"የከድር ከብቶች ናቸው" አሉ ሐጂ። ከድር የሚስታቸው የሐሊማ ወንድም ነው፤ ጎረቤትም ነው። "ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያው ላይ ለቀቃቸው። በእበታቸው ይዘውት መጡ። አንተ ማሳ ያየህ ሰው ነህ፤ አይደለም ወይ?"

አፌን ከፍቼ ያልኩትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፦ "ሊሆን ይችላል፣ ሐጂ።"

ከብት በመስመር አይጥልም። ያን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ኅዳር ላይ ያንኑ ማሳ ላጭድ ተመለስኩ፤ ስንዴው አሁን ለዱቄት የሚሄድ ሆኖ ነበር። ሐሊማ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ከጎኔ ቆመች። "ወንድሜና ባሌ ሰላምታ አቁመዋል" አለችኝ። "ባለፈው የከድር ሴት ልጅ ኒካህ፣ ጋብቻዋ ነበር። ሐጂ አልሄድም አለ። ብቻዬን ሄድኩ። እንግዶቹ የልጅቷ አጎት የት ቀረ ብለው ሲጠይቁት ወንድሜ የሚለው ጠፋበት።" ምግቡን መዋጥ አቃተኝ፤ እሷ ጨው የበዛበት መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ቀላል ነበር፤ ወይዘሮ አስካለ ብትቆጣ እንኳ አታባርረኝም ነበር። እኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያማረ ነበር፦ ብናገር ወንጌል ይሰደባል፤ "ያ ጴንጤ ሲሰብክ ውሎ ማሳችንን አበላሸ" ይባላል፤ ስለዚህ ለጌታ ስም ስል ልታገሥ። በዚህ ዓይነት ወራት አለፉ። በየእሑዱ እዘምራለሁ፤ በየወሩ እመሰክራለሁ። ለሐጂ ግን አንዲት ቃል ስለ እምነት ማውጣት አልቻልኩም፤ እሳቸውም ልብ ብለውት "ዘንድሮ ምነው ዝም አልክ?" ብለውኛል።

ግንቦት ላይ ጋሽ ደምሴ ታመው ልጠይቃቸው አሰላ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የት የት እንዳጨድኩ፣ የትኛው ማሳ ስንት እንደ ሰጠ ይጠይቁኛል። ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሸራውን፣ ስብከቱን፣ መስመሩን፣ "ሊሆን ይችላል" ማለቴን።

"ለምን አልተናገርክም?"

"የጌታ ስም እንዳይሰደብ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"የጌታ ስም ነው ወይስ የታደለ?" አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "ልተኛ፤ አንተም ሂድ፣ ሚኒባስ አያምልጥህ" አሉኝ። ወደ ሳጉሬ እንደምሄድ አልነገርኳቸውም ነበር፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ግን ወደዚያው ሄድኩ።

ሐጂን ያገኘኋቸው ቤታቸው በር ላይ የተቀደደ ጆንያ ሲሰፉ ነው። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። እየተናገርኩ ሳለ መርፌያቸው ቆመ። ስጨርስ ጆንያውን አጥፈው ከጎናቸው አኖሩት።

"ማሳው ውስጥ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሐሊማ ምሳ ስታመጣልህም?"

"አውቅ ነበር፣ ሐጂ።"

ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳይዞሩ "ማሳው የኔ ነው፤ በማሳው ይቅር እልህ ይሆናል" አሉ። "ከድር ላይ ያደረግነውን ግን እኔና አንተ እዚህ በር ላይ ቆመን አንጨርሰውም። ሽማግሌ ፊት ትናገረዋለህ።"

በዚያው ሳምንት በሐጂ የእህል መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሽማግሌዎቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ከድር በር አጠገብ ቆሟል፤ የሐጂን ፊት አያይም። ተነሥቼ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ከመጀመሪያው የከበደኝ ይህኛው ነው፤ የዋሸሁበት ሰው ፊቴ ቆሟልና።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ዓይናቸው የደከመ አባት፣ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። "ማንም አላየህም። ሐጂም አላወቀም። ልጄ፣ ማን አስገደደህና ተናገርክ?"

ያን ያህል ዓመት ስብከት ስለማመድ ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንደበቴ የለመደው ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። "የማመልከው ጌታ አይቶኛል" አልኳቸው፣ እኔም በኦሮምኛ። "ስለ እሱ ለሐጂ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከእሱ ተደብቄ ስለ እሱ ማውራት አቃተኝ። ኢየሱስ ክርስቶስ ኃጢአተኛን ይቅር ይላል ብዬ ነው የማምነው፤ ግን የበደልኩትን ሰው ዘልዬ ወደ እሱ መሄጃ መንገድ አጣሁ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አላህ ያያል" አሉ። "እኛም ይህንን ነው ለልጆቻችን የምንነግረው።"

ሐጂ ተነሥተው ወደ ከድር ሄዱ። ሁለቱ ተቃቅፈው ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም፤ ሐጂ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ከድር ወደ እኔ ዞረ። እጄን ዘረጋሁለት። አልጨበጠኝም።

"ልጄን ስድር አጎቷ አልነበረም" አለኝ። "ያን ቀን ትመልስልኛለህ?"

"አልመልስም፣ ከድር።"

"እንግዲያው ተወኝ" ብሎ በዝናቡ ወጣ። ልክ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ሲናሩ ከማሳው እስኪጠፋ በየክረምቱ እየመጣሁ በእጄ እንድነቅል ነው። ሦስት ክረምት ነቀልኩ። ነሐሴ ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እየዋጠኝ፣ ጎንበስ ብዬ የየቅጠሉን ሥር እያየሁ፣ ጆሮ ያለውን እየተውኩ ጆሮ የሌለውን ከነሥሩ እየመዘዝኩ። ሐጂ አብረውኝ ይነቅላሉ። በሁለተኛው ክረምት አንድ ጠዋት ከድር ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ሲነቅል አየነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን ቆርሶ ሰጠኝ።

በእነዚያ ክረምቶች ከሐጂ ጋር ስለ እምነት ከቀድሞው የበለጠ አውርተናል። ልዩነቱ ጠያቂው እሳቸው መሆናቸው ነው። "የናንተ ጸሎት እንዴት ነው?" "በእናንተ ዘንድ ሰው ሳይሠራ በምሕረት ብቻ ይድናል የምትሉት ነገር ሰውን አያሰንፍም?" ይሉኛል። ያመንኩትን ሳልሸራርፍ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም የእሳቸውን ይነግሩኛል፤ የማልቀበለውን አልቀበልም እላለሁ፣ እሳቸውም እንዲሁ። ሐጂ ቃሲም ክርስቲያን አልሆኑም። ሪፖርት ለሚጠብቅ ይህ መልካም ዜና አይደለም። እጸልይላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደሚጸልዩልኝ ነግረውኛል፣ ምን ብለው እንደሆነ ስለማውቅ እንስቃለን። ለልጆቹ የምለው አንድ ነገር ቢኖር መመስከርን ተዉ አይደለም። ያመነ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ እኔም ዝም አላልኩም፣ አልልምም። ግን ያን ጠዋት ለሐጂ ልነግራቸው የሚገባኝን ነገር ግማሹን መናገር የነበረብኝ በመጥረጊያ ነበር።

ከሦስተኛው ክረምት በኋላ መርማሪዎቹ መጥተው ማሳው ለዘር ይሆናል አሉ። ኅዳር ላይ ሐጂ ደወሉልኝ። "ማሽንህን ይዘህ ና" ብቻ ብለው ዘጉት። ገና ሳይነጋ ደርሼ ሸራዬን አነጠፍኩ፣ ክዳኖቹን ከፈትኩ፣ ጎን ጎኑን መታሁ፣ ጋን ውስጥ ገብቼ ጠረግሁ። ጤዛው ሊረግፍ ሲል ሐጂ ባትሪ ይዘው መጡ። ሰላምታቸው አጭር ነበር። ተንበርክከው በየክዳኑ እያበሩ ውስጡን አዩ። መሰላሉን ወጥተው ጋን ውስጥ ጎንበስ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንድ ጠባብ ጥግ ሰደው የሆነ ነገር አወጡና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ሦስት ፍሬ ነው።

"ይህ ምንድን ነው?"

አየሁት። "ገብስ ነው፣ ሐጂ። ሲናር አይደለም።"

"ገብስም ቢሆን" አሉ።

እንደገና ጀመርኩ። ከሥር ከመሠረቱ፣ ሸራውን አራግፌ፣ እያንዳንዱን ክዳን እንደገና ከፍቼ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ በየማሳው ኮምባይነሮች ሲነሡ ይሰማል፤ በመንገዱ የሚያልፉ ኦፕሬተሮች "ታደለ፣ መሸብህ!" እያሉ ይጮኹብኛል። ሐጂ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ስጨርስ ላቤን ጠርጌ ከማሽኑ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ መጥተው እንዲያዩ።

አልተነሡም። ባትሪውን ኪሳቸው ከተቱት።

"አያዩትም?" አልኳቸው።

"አላይም" አሉ። "ግባ።"